ከአራት ሰዓት በኋላ የተጻፉ ውጤቶች

መዝገብ ያዧ የተገኘችው ካርድ ክፍሉ ወለል ላይ በግንባሯ ተደፍታ ነው። ማጅራቷን ተመትታለች፤ አጠገቧ የእሳት ማጥፊያው ተጋድሟል። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበረች። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነርሷ ስትገባ ሬሳ ሆና አገኘቻት። ወደ ካርድ ክፍሉ የሚገቡት ደግሞ የክሊኒኩ ባለቤት ሐኪም፣ ነርሷና የላቦራቶሪ ባለሙያው ብቻ ናቸው።

ሳጅኑ ቸኩሏል። «ነርሷ ናት እንጂ ማን ይሆናል! ትናንት ሲጨቃጨቁ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ይዘናት እንሂድ።»

«ቆይ እስቲ፣ ካቴናህ አይዝግም» አለች ኢንስፔክተሯ።

ነርሷ የአምስት ወር ልጅ እቤት ትታ የመጣች እናት ናት። ጡቷ አግቶ ጋውኗ ርሷል። ከታሰረች ያ ሕፃን ምን ሊውጠው ነው?

«በምን ተጣላችሁ?»

«በክትባቱ ማቀዝቀዣ ቅጽ፣ እትዬ። መብራት የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት ብቻ ሳይሆን ደቂቃውንም ጻፊ እያለች ነዘነዘችኝ። ‹ለማን ብዬ? የሚያነበው የለ!› አልኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

«ዛሬስ ጻፍሽ?»

«እንድትተወኝ ብዬ ጻፍኩ። እሱን ላሳያት ስገባ ነው ያገኘኋት።»

ሐኪሙ በዚያ ሰዓት የአንድ ሽማግሌ እግር ሲሰፋ ነበር፤ ሽማግሌውም መሰከሩ።

«መዝገቦቹን ማን ያያቸዋል፣ ዶክተር?»

«በወሩ መጨረሻ ደምረን ለጤና ቢሮ እንልካለን። እነሱም ሲመጡ የሚያዩት ባዶ መስመር እንዳይኖር ነው። የግል ክሊኒክ ነን፤ ታካሚ ተሰልፎ ማን ቁጭ ብሎ ቁጥር ያነባል?»

የላቦራቶሪ ባለሙያው ተረጋግቶ መዝገቡን ዘረጋ። «ከቦታዬ አልተነሳሁም። ይኸው!» ማለዳ የተወሰደ የዘጠኝ ሰው ደም ከአራት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ በማሽን ተቆጥሯል፤ ሰዓቱም በየመስመሩ ተጽፏል። አንድ ባዶ ቦታ የለም። ወይ ጥንቃቄ!

ኢንስፔክተሯ የላቦራቶሪውንና የማቀዝቀዣውን መዝገቦች ወስዳ በሟቿ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀና አላለችም። ከዚያ ሁሉንም ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«አንተ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ማሽኑ ላይ ነበርኩ ትላለህ» አለችው ባለሙያውን። «የማቀዝቀዣው ቅጽ ግን ‹ለአራት ሰዓት አስር ጉዳይ መብራት ሄደ፣ አምስት ከአስር መጣ› ይላል። ማሽንህና ማቀዝቀዣው ደግሞ አንድ መስመር ላይ ናቸው።»

«ራሷን ለማዳን የጻፈችው ነዋ!»

«ኧረ እኔው ነኝ ያበራሁት!» አለ ዘበኛው ከበሩ ላይ። «ላቦራቶሪውና ማቀዝቀዣው ያሉበት የጓሮው መስመር ብሬከር ብቻ ወርዶ ነበር። አምስት ከአስር ላይ ነው ያነሳሁት።»

ባለሙያው ወደ ዘበኛው ዞረ።

«ላቦራቶሪ ብትሆን ኖሮ መብራት መሄዱን ታውቅ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «አንተ ካርድ ክፍል ነበርክ። ስትመለስ መብራቱ መጥቷል፤ እንደለመድከው መስመሩን ሞላህ። ሟቿ ደቂቃውን ለምን አጥብቃ ፈለገችው? ሁለቱን መዝገቦች እያስተያየች ነበር። ስታስተያይ የጻፈችውን ወረቀት ከመሳቢያዋ ወስደሃል፤ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። መዝገቦቹን ግን ማን ያነባቸዋል ብለህ ተውካቸው። እኔ አነበብኳቸው። በሦስት ወር ውስጥ፣ መብራት በሌለበት ሰዓት፣ ሠላሳ አንድ ሰው የደም ውጤት ተሰጥቶታል። ከጭንቅላትህ ነው የጻፍከው!»

ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «ውጤት ዘገየ ተብሎ የሚጮኸው በእኔ ላይ ነው። ለምኛት ነበር። ‹ሰዎቹን ደውለን እንጥራቸው› ብላ ድርቅ አለች። ስልኩን ልታነሳ ስትዞር... »

ሳጅኑ ነርሷን ቀና ብሎ ማየት አቅቶት ካቴናውን ለባለሙያው አጠለቀለት።

«በይ ወደ ልጅሽ ሂጂ» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

ነርሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። «ሠላሳ አንዱ እነማን ናቸው?» አለች። ዝርዝሩን ተቀብላ የመጀመሪያውን ቁጥር ደወለች። ደሟ ሙሉ ነው ተብላ የተሸኘች ነፍሰ ጡር ነበረች። ባሏ ስልኩን አነሳ።

«እሷማ ወልዳ ሳትነሳ ቀረች፤ ካረፈች ሦስት ሳምንቷ» አለ። «ደም አንሷት ነው አሉን። እናንተ ደህና ናት ብላችሁን አልነበር እንዴ?»

ነርሷ ስልኩን ዘግታ ተንሰቀሰቀች፤ ከዚያ ዓይኗን በጋውኗ እጅጌ ጠርጋ ወደ ሁለተኛው ደወለች።