የወልድያው ፖስታ

ሙሐመድዘይን በገዛ ቪዲዮ ቤቱ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው ዓርብ ዕለት፣ የመርሳ ሰው ከጁሙዓ ሰላት እየተመለሰ ባለበት ሰዓት ነበር። ያገኘችው ሚስቱ ነሲባ ናት። ምሳው ሲቀዘቅዝ፣ መስጊድ በር ላይ ወሬ ይዞት ይሆናል ብላ ጥቂት ጠበቀች፤ ሲቆይባት ግቢውን አቋርጣ በጓሮው በር ገባች። ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ ነው። ቀኝ እጁ የዲቫይደሩን የተላጠ ሽቦ ይዟል። አጠገቡ ዲቪዲ ማጫወቻው አፉን ከፍቷል፤ አንድ ሲዲም ተቀምጦበታል። የፊልሙ ባዶ ሽፋን ቴሌቪዥኑ ላይ ቆሟል፤ ሥዕሉ ላይ ያለው ተዋናይ ጭንቅላቱ ወደ ታች ነው። አግዳሚው ላይ ደግሞ የተቀደደ ቡናማ ፖስታ አለ።

ነሲባ ከባሏ በፊት ያየችው ፖስታውን ነበር። ይህን ለራሷ ይቅር ማለት አቃታት።

ጎረቤቱ በጩኸቷ ሲሰበሰብ ሁሉም አንድ ነገር አለ፦ ኤሌክትሪክ ነው። የሽቦውን መላጥ የማያውቅ የሰፈር ሰው አልነበረም። እሷ ግን ሌላ ነገር ታውቃለች። ያን ፖስታ ያስመጣችው እሷ ናት። ፖስታው ባይመጣ ባሏ ማጫወቻውን አይነካም፤ ማጫወቻውን ባይነካ ሽቦውን አይጨብጥም።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ንጉሴ የሚባል የወልድያ ፊልም አከራይ አዲስ አሠራር አመጣ። አባል መሆን የሚፈልግ ሰው ቅጽ ሞልቶ ይፈርማል፣ በየወሩ ይከፍላል፤ አዳዲስ ፊልሞች ከነሽፋናቸው በፖስታ ታሽገው በሚኒባስ ይደርሱታል። አሳይቶ ሲጨርስ በዚያው ፖስታ ይመልሳል፤ በማግስቱ ሌላ ይላክለታል። የመርሳ ወጣት አዲስ ፊልም ፍለጋ ወደ ሌላ ቤት ማዘንበል ከጀመረ ቆይቷል፤ የሙሐመድዘይን አግዳሚዎች ባዷቸውን ይውላሉ።

ነገር ግን ዓሪፍ አለ። ዓሪፍና ሙሐመድዘይን አብረው ቁርኣን የተማሩ የልጅነት ጓደኞች ናቸው። ቪዲዮ ቤቱ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ፊልም የሚያከራየው ዓሪፍ ነው። ሚኒባስ ማቆሚያው ላይ ያለችው ትንሽ ሱቁም ሌላ ይህን ያህል ደንበኛ የላትም። ሙሐመድዘይን ቅጹን ትራሱ ሥር አድርጎ ሰነበተ። ጠዋት ልፈርም ነው ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ይተወዋል። ዓሪፍን ፊት ለፊት ሳይነግር እንደማይፈርም ደጋግሞ ነግሯታል። ታዲያ ንገረው ስትለው፣ እስቲ ጁሙዓ ይለፍ ይላል። ሁለት ጁሙዓ አለፈ።

ረቡዕ ዕለት እሱ ሐራ ገበያ ሲሄድ ነሲባ ቅጹን አወጣች። ስሙን ጻፈች፣ በስሙ ፈረመች፣ አጣጥፋም ለሚኒባስ ሹፌሩ ለአስፋው ሰጠችው። ፊልሞቹን በዓይኑ ሲያይ ልቡ ይቆርጣል ብላ ነበር።

ከወልድያ የመጣችው መርማሪ ኢንስፔክተር ደብሪቱ ትባላለች። የጉባ ላፍቶ ደጋ ሰው ናት፤ ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ቀጠን ያለች፣ ስትጠይቅ ወሬ የምትጠይቅ የምትመስል። ጀናዛው ከመውጣቱ በፊት የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቃልኪዳን አስከሬኑን እንድትመረምር አደረገች፤ ሁለቱ ጥግ ይዘው ተንሾካሾኩ። ከዚያ ኢንስፔክተሯ ሰዎቹን እንዲቀብሩ ነግራ፣ ቪዲዮ ቤቱን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

ቅዳሜ ጠዋት ለቀስተኛው ድንኳን ሥር ተቀምጦ ሳለ ደብሪቱ ወንበሯን ከቤቱ ግድግዳ አስጠግታ አንድ በአንድ ታነጋግር ጀመር። ነሲባ ዒዳ ላይ፣ ባሏ የሞተባት ሴት በምትከተትበት ጊዜ ላይ ስለሆነች ከቤት አትወጣም፤ ከመስኮቱ መጋረጃ ኋላ ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማለች።

መጀመሪያ የቀረበው አስፋው ነው።

«በእጁ ነው የሰጠሁት፣ ማዘር።»

«ማዘር አትበለኝ። የእኔ ልጅ ብትሆን ቀስ ብለህ ነበር የምትነዳው። የት ሰጠኸው?»

«እዚሁ በሩ ላይ። አምስት ሰዓት አለፍ ሲል።»

«ምን ለብሶ ነበር?»

አስፋው ትንሽ አሰበ። «ያው ሰማያዊ ጃኬቱን ነዋ። መቼ ያወልቀዋል?»

ነሲባ የመጋረጃውን ጫፍ ጨበጠች። ባሏ ዓርብ ዓርብ ከአምስት ሰዓት በፊት ገላውን ታጥቦ ጀለቢያውን ይለብሳል፤ ያን ዕለት ያቀበለችው ራሷ ናት። ሹፌሩ ዋሽቷል። ብድግ ብላ ልትናገር ቃጣት። ግን የፖስታው ነገር ሲነሳ የቅጹ ነገር ይነሳል፤ የባሏ ዘመዶችም አጥፍታብናለች ይላሉ። ተመልሳ ተቀመጠች።

ዓሪፍ ዓይኑ ደም መስሎ መጣ። ቃሬዛውን ከፊት የተሸከመው እሱ ነበር። ጁሙዓ የሰገደው መስጊድ ውስጥ መሆኑን ተናገረ፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ማን አየህ ብትለውም ለይቶ የሚያስታውሰው የለም።

«መመዝገቡን ሰምተህ ነበር?» አለችው ደብሪቱ።

«አልሰማሁም። ፖስታ የሚባልም በዓይኔ አላየሁ።»

«ብትሰማስ ትቆጣ ነበር?»

«ወንድሜ ነው። ቢነግረኝ ኖሮ መርቄ እሸኘው ነበር።»

ሲሄድ በመስኮቱ በኩል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነሲባን አጽናናት፤ አላህ የጻፈው ነው፣ አይዞሽ አላት። እሷ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። የዚህን ሰው እንጀራ በድብቅ የቆረጥኩ እኔ፣ እሱ ደግሞ ያጽናናኛል ብላ አንገቷን ደፋች።

ንጉሴም ከወልድያ ለለቅሶ መጥቶ ነበር። ሰው ነገሩን በእሱ ፖስታ ሲያሳብብ ስለሰማ ቅጹን ይዞ ነው የመጣው፤ ሰውየው ወዶ እንደተመዘገበ ፊርማው ምስክር ነው ይላል። ደብሪቱ ቅጹን ተቀብላ ገባችና ባሏ የፈረመበት ሌላ ወረቀት እንዳለ ነሲባን ጠየቀቻት። ነሲባ የቤቱን የኪራይ ውል አመጣች። ሙሐመድዘይን ውሉ ላይ የፈረመው በልጅነቱ በተማረው በዐረብኛ ፊደል ነው። የንጉሴ ቅጽ ላይ ያለው ፊርማ ግን በአማርኛ ነው፤ ክብ ክብ ያለ፣ ጥንቅቅ ያለ።

ደብሪቱ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አየች። ቀጥላ ነሲባን አየች።

«ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ነው» አለችና ቅጹን አጣጥፋ ይዛ ወጣች።

ነሲባ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ አሚና እየሳቀች ገባች፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላት አፏን በሻሿ ሸፈነች። ፖሊሷ ዓሪፍ ሱቅ ገብታ ፊልም ካልተከራየሁ ማለቷን አውርታ አልጠግብ አለች። መደርደሪያው ላይ ወዳለ አንድ ሽፋን ጠቁማ ያንን ስጠኝ ስትለው፣ ዓሪፍ ቀና እንኳ ሳይል ያ ወጥቷል ይላታል። ሌላ ስትጠቁም ያም ወጥቷል። ሽፋኑን ሳትከፍት በምን አወቅህ ስትለው፣ ሲዲው የወጣበትን ሽፋን አናቱን ወደ ታች አድርጎ እንደሚያቆመው፣ ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ እጁ የለመደው ይህን እንደሆነ ነገራት።

«በመጨረሻ ምንም ሳትከራይ ወጣች፤ ምን ዓይነቷ ናት በይ» አለች አሚና።

ነሲባ ግን አልሳቀችም። ቴሌቪዥኑ ላይ ተዘቅዝቆ የቆመው ተዋናይ ዓይኗ ላይ መጣባት፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ለማሰብ ፈራች።

እሁድ፣ ሦስተኛው ቀን፣ ዱዓው ካበቃ በኋላ ደብሪቱ ቪዲዮ ቤቱን ከፈተች። ቤቱ ከግቢው ውስጥ ስለሆነ ነሲባም መጣችና በሻሿ ተሸፍና ጥግ ያዘች። አሚና አጠገቧ ተቀመጠች። አስፋው፣ ንጉሴ፣ ዓሪፍና ነርሷ ቃልኪዳን አግዳሚዎቹ ላይ ተደረደሩ፤ በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ደብሪቱ ቴሌቪዥኑ የተቀመጠበትን የሲሚንቶ መደብ ተደግፋ ቆመች።

«ሙሐመድዘይንን ኤሌክትሪክ አልገደለውም» ብላ ጀመረች። «ቃልኪዳን መዳፉን አይታዋለች፤ የቃጠሎ ምልክት የለበትም። ቁስሉ ያለው ከማጅራቱ በላይ፣ ከኋላ ነው። ይህ ሰው የተገኘው በግንባሩ ተደፍቶ ነው። በግንባሩ የወደቀ ሰው ማጅራቱን ምን መታው?»

እጇን የመደቡ ጠርዝ ላይ አሳረፈች።

«በጀርባው ወድቆ የዚህ መደብ ጠርዝ ላይ ነው የተመታው። ጠርዙን የጠረገው ሰው ከታች በኩል ያለውን ደም አላየውም። ከዚያ ገልብጦ አስተኛውና ሽቦውን እጁ ላይ አደረገለት። ፊልም ሊከፍት ሲል ሞተ እንዲባል ፖስታውን ቀደደ፣ አንድ ሲዲ አውጥቶ ማጫወቻው ላይ አስቀመጠ። አስፋው፣ ፖስታውን ለማን ነበር የሰጠኸው?»

«አልኩ እኮ፣ ለራሱ...»

«ሰማያዊ ጃኬት ለብሶ። ዓርብ ዓርብ ከአምስት ሰዓት በፊት ጀለቢያውን እንደሚለብስ ጎረቤቶቹ ነግረውኛል። የሞተው በጀለቢያው ነው። አላየኸውም።»

አስፋው ላቡን ጠረገ። ንጉሴን በቆረጣ አየው፤ ዕቃውን በባለቤቱ እጅ ካላደረስክ ሥራውን ለሌላ ሹፌር እሰጣለሁ ተብሎ ስለነበር ነው የዋሸው። ያን ዕለት ተሳፋሪ ቸኩሎበት ነበር። ለመርሳ ሰው የተላከ ዕቃ ሁሉ ሹፌሮች የሚያስቀምጡት ማቆሚያው ላይ ባለው ሱቅ ነው፤ እሱም እንደልማዱ እዚያ ጥሎት ሄደ።

«የማን ሱቅ?»

«የዓሪፍ» አለ አስፋው። «ለሙሐመድዘይን ስጥልኝ ብዬው ሄድኩ።»

ንጉሴ ራሱን ያዘ። የሰውየውን ሱቅ የሚያዘጋ ፖስታ በራሱ በሰውየው እጅ ማለፉን ገና አሁን ተረዳ።

ደብሪቱ ወደ ዓሪፍ ዞረች። «አንተ ፖስታ የሚባል አላየሁም ብለኸኛል። ይሁን፣ ሹፌሩ አንዴ ዋሽቷልና ዳግም ይዋሻል እንበል። ይህን ሽፋን ግን ማን አቆመው? ንጉሴን ጠይቄዋለሁ፤ እሱ ባዶ ሽፋን መሳቢያ ውስጥ ይከታል። ሙሐመድዘይን ማጫወቻው ላይ ያጋድመው እንደነበር ደንበኞቹ ነግረውኛል። መርሳ ውስጥ ሲዲው የወጣበትን ሽፋን አናቱን ዘቅዝቆ የሚያቆም አንድ እጅ ብቻ ነው ያለው። ያን ዕለት ብዙ ነገር አስበህ ሠርተሃል። ይህን ግን ሳታስበው ነው የሠራኸው።»

ዓሪፍ እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እንደ ባዕድ ዕቃ አያቸው።

«አንዴ ነው የገፋሁት» አለ በመጨረሻ። «ልገድለው አልመጣሁም። ፖስታው ላይ ስሙን ሳነብ ነደደኝ። ሰው ሁሉ ወደ መስጊድ ሲሄድ ይዤለት መጣሁ። ለምን ደበቅከኝ አልኩት። አልተመዘገብኩም አለኝ። ፖስታውን እያየ፣ ስሙን እያየ፣ ወላሂ አልፈረምኩም ብሎ ማለ። ብትመዘገብስ ይሁን፣ በአላህ ስም ትዋሸኛለህ? ብዬ ገፋሁት። የገፋሁት ስለተመዘገበ አይደለም። በሐሰት ስለማለብኝ ነው።»

ደብሪቱ ምንም አልጨመረችም። የታጠፈውን ቅጽ ከኪሷ አላወጣችም፤ ወደ ነሲባም አልዞረችም። ነሲባ ይህ ዝምታ ለእሷ የተተወ መሆኑ ገባት። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ዝም ብትል ግን ባሏ በጁሙዓ ቀን፣ ጀለቢያውን እንደለበሰ በሐሰት ምሎ የሞተ ሰው ሆኖ ይቀራል።

ተነሳች።

«አያ ዓሪፍ፣ እውነቱን ነው የማለልህ» አለች። «አልፈረመም። ላንተ ሳልነግር አልፈርምም እያለ ሦስት ሳምንት አስለፋኝ። ሐራ ገበያ ሲሄድ ጠብቄ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እሱ ፖስታው እንደሚመጣም አያውቅም ነበር።»

ዓሪፍ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። አፉ ተከፍቶ ቀረ፤ ከዚያ ከአግዳሚው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ፣ ጓደኛው ወድቆበት በነበረው ቦታ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ፖሊሶቹ ሲያነሱት አልታገለም። እንደታመመ ሰው ደግፈው ወሰዱት።

ሌሎቹም አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ነሲባ ደብሪቱን በሩ ላይ ደረሰችባት።

«እኔንስ አትወስዱኝም?»

«ስለ ፊርማው ቃልሽን እቀበላለሁ» አለቻት ደብሪቱ። «በሞቱ የሚጠይቅሽ አንቀጽ ግን የለኝም።»

«ቢኖር ይሻለኝ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ትከሻዋን ያዝ አድርጋ ጥቂት ቆመች። ከዚያ መኪናው ወደ ወልድያ መንገድ አቀና።

በዚያው ከሰዓት ከሐራ በኩል ገና የሰሙ ዘመዶች ደረሱ። የባሏ አክስት ከፊት እያለቀሱ ገቡ። ነሲባ ሳያቅፏት በፊት ነገረቻቸው፦ ባሌ በሐሰት አልማለም፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አሮጊቷ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው የዘረጉትን እጅ ሰብስበው ከእሷ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ቀጥሎ ለገባው ነገረች፣ ከእሱ ቀጥሎ ለገባችውም።

አሚና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ይብቃሽ፣ እህቴ። መርሳ ሁሉ ሰምቶሻል።»

«ያልሰማ ይመጣል» አለች ነሲባ፤ ግቢው በር ላይ ጫማ የሚያወልቅ ሌላ ሰው አይታ ሻሿን አስተካከለች።