ከኮርኒሱ በላይ ያለው ሙቀት

አንብባችሁ "ውሸት ነው" የምትሉ ትኖራላችሁ። በሉ። እኔም ሌላ ሰው ላይ ደርሶ ባነበው እንደዚያው ነበር የምለው።

ግን ሆኗል። እኔው በሠራሁት ዕቃ፣ እኔው ባለሁበት።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዝናብ ላይ ዝናብ የሚጥልበት ሳምንት... ቦታው ደግሞ የእህቴ መኝታ ቤት። የሕፃን ጨርቅ የተሰጣበት፣ የሕፃን ቅባት የሚሸት፣ ተራ ክፍል።

መጀመሪያ ግን ስለ ሥራዬ ትንሽ ልበል። እሱ ካልገባችሁ የሚያስፈራው ነገር አያስፈራችሁም።

የተማርኩት ኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው። በትርፍ ጊዜዬ ማይክሮኮንትሮለር የሚባል ጥፍር የሚያክል ኮምፒውተር ያለባቸው ትንንሽ ቦርዶች እሠራለሁ። የክብሪት ቀፎ ያክላሉ። የኔ ሱስ ጥቂት ኃይል የሚበሉት ናቸው። ሳንቲም በምታክል አንዲት ባትሪ ወራት የሚቆዩት።

ምስጢሩ እንቅልፍ ነው። ቦርዱ ቀኑን ሙሉ ይተኛል። በየአምስት ደቂቃው ለዓይን ጥቅሻ ያህል ይነቃል፣ ይለካል፣ የለካውን ወደ ስልኬ ይልካል፣ ተመልሶ ይተኛል።

ይህን ለእህቴ ሳስረዳት፣

"እንዴ! ባሌን የፈለሰፍሽው አንቺ ነሽ ማለት ነው?" አለችኝ።

ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከመንገድ ሲመለስ የሚነቃው ለመብላት ብቻ ነው።

ያን ሰሞን እህቴ መሳቅ ብርቋ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ያለ ወሩ ነው የወለደችው። ሐኪም ቤት ሰንብተው ወደ ቤት ሲሸኟት አንድ ነገር አጥብቀው ነገሯት፤ ብርድ እንዳያገኘው። ሰውነቱ የራሱን ሙቀት ገና መያዝ አይችልም። ክፍሉ ከቀዘቀዘ ልጁም ይቀዘቅዛል።

ልጁ ከቀዘቀዘስ? እሷም አልጠየቀች፣ እነሱም አልነገሯት።

"አለቃ" ነበር የምንለው። ቤቱን የሚያዘው እሱ ስለነበር።

እህቴ እንቅልፍ አጣች። ጎኗን ሳታሳርፍ እየተነሳች እጁን ትዳስሳለች፣ እግሩን ትዳስሳለች፣ አፍንጫውን ትዳስሳለች። እኔ ደግሞ ዳሰሳ የሚባል መለኪያ አይዋጥልኝም።

"ቁጥር ይሻልሻል" አልኳት።

ሁለት ቦርድ ሠራሁ። ሁለቱም ላይ ሙቀትና እርጥበት የሚለካ ሴንሰር አለ። አንዱን ከልጁ አልጋ ፍርግርግ ላይ አሰርኩት። ሁለተኛውን ይዤ መሰላል ወጣሁና፣ ኮሪደሩ ላይ ባለችው የኮርኒስ መግቢያ በኩል እጄን ሰድጄ እንጨት ላይ አስቀመጥኩት። ከኮርኒሱና ከቆርቆሮው መሃል። ብርዱ ከላይ እየወረደ እንደሆነ ለማወቅ ነው።

የላይኛው ምንም አልላከም። ስልኬ ላይ የሚመጣው "አልጋ" የሚለው ብቻ ሆነ።

"ቆርቆሮው ሲግናሉን አፍኖት ነው" ብዬ ተውኩት። እንደገና መሰላል መውጣት ሰለቸኝ። የልጁ እስከሠራ ድረስ የላይኛው ምን ያደርግልኛል?

የልጁም ግን ጤነኛ አልነበረም።

ሃያ ሁለት ዲግሪ ይላል። ቀጥሎ ሠላሳ ስድስት። ተመልሶ ሃያ ሁለት። ደግሞ ሠላሳ ስድስት...

"ኢንጂነሯ፣ ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ እህቴ በስልክ።

"የልጁን ገላ ሙቀት እየያዘ ነው። አጠገቡ ስለሆነ።"

"እና ጥሩ ነው?"

"ጥሩ ነው አልኩሽ እኮ!"

ሥራ ላይ ነበርኩ። ቸኩዬ ነበር። የመለስኩላትን ነገር አንድም ጊዜ አልፈተንኩትም።

ዘጠኝ ሰዓት ያልኳችሁ ቀን ግን ቁጥሩ መዝለሉን ተወ። ጠዋትም ሠላሳ ስድስት። ቀትር ላይም ሠላሳ ስድስት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዝናብ ተደብድቤ እህቴ ቤት ደረስኩ። ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ እንኳ አንገት ልብሴን አልፈታሁም። ያኔ ልብ አላልኩትም... ግን ቤቱ ከደጅ አይሻልም ነበር።

እህቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ከሰሞኑ ሁሉ ተረጋግቷል።

"ቀስ በይ" አለች። "ተኝቷል። ዛሬ እንዴት ያለ እንቅልፍ ያዘው መሰለሽ! ከጠዋት ጀምሮ ድምፁን አልሰማሁም።"

"ማሞቂያውስ?"

"አጠፋሁት።"

"ለምን?"

"ስልኩ ሠላሳ ስድስት ይላላ! ልቀቅለው እንዴ?"

ወደ ልጁ አልጋ ሄድኩ። ዳሰሳ የማላምነው ሴትዮ እጄን ሰደድኩ።

እጁን ያዝኩ።

ጣቶቹ ሲነኳቸው ልክ ከውሃ የወጣ ማንኪያ። ከንፈሩ ዙሪያ ሰማያዊ ነገር። ይተነፍሳል... ግን ቀስ ብሎ። ረስቶት እንደገና ትዝ እንደሚለው ሰው።

"አንሺው" አልኳት። "አሁን አንሺው!"

የእህቴን ጩኸት አልጽፈውም።

ሰፈሩ ሁሉ "ሲስተር" ብሎ የሚጠራት ነርስ ጎረቤታቸው ናት። ደወልኩላት።

"ልብሱን አውልቂና እናቱ ደረት ላይ ለጥፊው፤ ገላ ለገላ" አለችኝ። "ብርድ ልብስ ደርቢባቸው። ማሞቂያውን ክፈቱ። እየመጣሁ ነው። እናንተ ልጆች... እንዳትንቀጠቀጡ!"

እንዳለችው አደረግን። እህቴ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባች። የምታየው ኮርኒሱን ነው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አይወጣትም።

እኔ መጠበቅ አልችልም። ተፈጥሮዬ ነው። እጄ አንድ ነገር ካልያዘ አብዳለሁ። ስለዚህ የዋሸኝን ቦርድ ከፍርግርጉ ላይ ፈትቼ አየሁት።

ባትሪ የለውም።

ማቀፊያዋ ላልቶ ባትሪዋ ወድቃለች። አልጋው ሥር አገኘኋት። አቧራ ነክቷታል።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

"አልጋ፦ 36.5"

ባትሪ የሌለው ቦርድ አይልክም። ይህ የእምነት ጉዳይ አይደለም።

ታዲያ... ማን ነው የላከው?

መልሱ ወዲያው መጣልኝ። ቢዘገይ ይሻለኝ ነበር። ኮዱን ጽፌ አንደኛው ቦርድ ላይ ጫንኩት። ያንኑ ሁለተኛው ላይ ጫንኩት። ስሙን ሳልቀይር! እንደኔ ቦርድ የሚነካካ ሰው ሁሉ ይህን ስህተት ያውቀዋል። ሁለቱም ስማቸው "አልጋ" ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይሄ ነው።

የላይኛው ከመጀመሪያውም ሲልክ ኖሯል። ሃያ ሁለት የልጁ ነው።

ሠላሳ ስድስቱ የኮርኒሱ።

ቀና ብዬ አየሁ። ነጭ ቀለም የተቀባ ኮርኒስ። ከሱ በላይ ቆርቆሮ። በቆርቆሮው ላይ ለቀናት ሳያባራ የወረደ ዝናብ። ፀሐይ አሞቀችው እንዳልል፣ ፀሐይ የለችም።

እህቴ ወደ ላይ ማፍጠጤን አየች።

"ምንድነው?" አለች በሹክሹክታ።

"ምንም።"

"እዚያ ላይ ነገር አለ?"

"አይጥ ይሆናል።"

"አይጥ ነው በይኝ።"

"አይጥ ነው።"

እርጥበቱን አየሁ። ዘጠና አምስት። አሁን ሰውነቴን የወረረው ነገር እንዲገባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ሴንሰር ገዝተን መሥራቱን ስንፈትን ሌላ መሣሪያ አንፈልግም። አፋችንን አስጠግተን "እፍ" እንልበታለን። ሙቀቱ ሠላሳዎቹ ውስጥ ይገባል፣ እርጥበቱ ዘጠናን ያልፋል። ያንን ጥንድ ቁጥር ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሌላ ነገር አይሰጠውም።

ትንፋሽ ነው። ከቅርብ።

ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ደግሞ ተንቀጠቀጠ። ደግሞ...

ቦርዱ አምስት ደቂቃ መተኛት አለበት። ከዚያ በፊት የሚነቃው ጎኑ ላይ ያለችው ቁልፍ ከተጫነች ብቻ ነው። የጤፍ ፍሬ በሏት። ለመጫን ትንሽ ጣት ትፈልጋለች።

በጣም ትንሽ ጣት።

"ሞቅ እያለ ነው መሰለኝ" አለች እህቴ። "እግሩ... እግሩ ሞቅ ብሏል።"

ስልኬን አየሁ። ሠላሳ ሦስት።

"ጡት እየፈለገ ነው! እይው፣ አፉን እያዞረ ነው!"

ሃያ ስምንት።

እንዳትጠይቀኝ ስልኩን ደረቴ ላይ ደፋሁት። ግን ይንቀጠቀጣል። አያቆምም። ማየት አልፈለግሁም፤ አየሁ። የልጁ ጉንጭ ሲቀላ ቁጥሩ ይወርዳል። ልጁ እግሩን ሲያወራጭ ቁጥሩ ይወርዳል። አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት የሚሻሙ ሰዎች አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ።

አለቃ አለቀሰ። ሳንባው እስኪሰነጠቅ አለቀሰ።

እህቴ ሳቀችም አለቀሰችም።

አሥራ ሦስት ዲግሪ አለ ስልኩ። ከዚያ ዝም።

ከራሳችን በላይ፣ ልክ ከልጁ አልጋ ትይዩ... አንድ ነገር ዞረ። ከባድ አይደለም። ተኝቶ ሳለ ብርድ ልብሱ እንደተገፈፈበት፣ በእንቅልፍ ልቡ እንደሚፈልግ ሰው ነው የተገላበጠው።

"አይጥ ነው" አለች እህቴ፣ ሳልጠይቃት።

ሲስተር በጃንጥላ ገባች። ልጁን ለካችው፣ ገለበጠችው፣ እግሩን ቆነጠጠችው። "ተርፏል" አለች። ከዚያ ዞር ብላ፣ "ማሞቂያውን ያጠፋው ማነው?" ስትል እህቴም እኔም ስልኬን አየን።

ያን ቀን እናትና ልጅን ሲስተር ቤት ወሰድናቸው። ምክንያቱን "ቤቱ ይቀዘቅዛል" አልን። ውሸት አልነበረም።

ሾፌሩ በማግስቱ ቀትር ላይ ከመንገድ ገባ። የሆነውን ነገርኩት፤ ከትንፋሹ በስተቀር። ሳቀብኝ።

"ድመት ወልዳ ነው" አለ። "እናንተ የተማራችሁ ሰዎች እኮ ድመት አታውቁም። ቦርዱ ላይ ተኝታበታለች፣ በቃ! መሰላሉን አምጪ።"

እህቴ አለቃን ታቅፋ ጨርቅ ልትወስድ መጥታ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ልጁ ደህና ነው፤ ጉንጩ እንደ እሳት ፍም።

ሾፌሩ ወጣ። ትከሻው መግቢያዋ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ወገቡ።

"ቦርድሽ የታለች? እንጨቱ ላይ የለችም።"

"እዚያው ነው ያስቀመጥኳት፣ መግቢያው ጋ።"

"የለችም አልኩሽ። አቧራው ላይ ዱካ እንኳ የለም... ቆይ። ያቻት፣ አየኋት።"

"የት?"

"ወዲያ ነች። መኝታ ቤቱ ላይ።"

እግሩም ተከትሎት ገባ። ከራሳችን በላይ በእንጨቱ ላይ ሲድህ ይሰማናል። ኮርኒሱ ቋ... ቋ... ይላል። መኝታ ቤቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ድመት ናት?" ብዬ ጮህኩ።

መሰላሉን አንድ ደረጃ ወጣሁ።

"አንተ! ድመት ናት ወይ?"

ከዚያ ድምፁ መጣ። ለእኛ አይደለም። ዝቅ ያለ ነው፣ የተለሳለሰ...

"እሽሩሩ... እሽሩሩ..."

ቀጥሎ የዚፕ ድምፅ ሰማን።

ሲወርድ ቀስ ብሎ ነው የወረደው። ቦርዱን ዓይኔን ሳያይ ሰጠኝ። የሴንሰሩ ፊት ላብ ያዘለ መስታወት መስሏል። ሾፌሩ በሸሚዝ ብቻ ነው።

"ጃኬትህስ?" አለችው እህቴ።

የልጁን ጉንጭ በጣቱ ጀርባ ነካው። ሞቃት ነው። እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

"በርዶታል" አለ በሹክሹክታ።

"ማን?"

መኝታ ቤት ገብቶ ገመዱ ላይ ከተሰጡት ጨርቆች መሃል ትንሿን ብርድ ልብስ መረጠ፣ መድረቋን ጉንጩ ላይ አድርጎ አረጋገጠ...

እና እግሩን መልሶ መሰላሉ ላይ አደረገ።