ድርብርቡን ማን ይቅመስልን?

ሩቂያ ገና ትንሽ ልጅ ናት። አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋዋ ዘላ ወረደችና፣ «ዛሬ እኔም እጾማለሁ!» አለች።

ወሩ ረመዳን ነው። እማዬ ትጾማለች፤ ወንድሟ ሙባረክ ይጾማል፤ አያቷ አባባ ሰዒድም ይጾማሉ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ምንም አይበሉም፣ ምንም አይጠጡም።

ሩቂያም ምንም አልበላችም። ረፋድ ላይ ግን ሆዷ መጮህ ጀመረ። «ጉርር! ጉርር!»

«ዝም በል፣ አንተ ሆድ!» ብላ ተቆጣችው። ሆድ ደግሞ ጆሮ የለውም። «ጉርርርር!» አለ፣ ከበፊቱ ብሶ።

እማዬ ዳቦ በማር ሰጠቻት። ሩቂያ ሁሉንም በላችና አለቀሰች። «እናንተ ሁላችሁም ጾመኛ ናችሁ! ያልጾምኩት እኔ ብቻ ነኝ!»

«ትደርሺበታለሽ፣ የኔ ቆንጆ» አለች እማዬ፣ እንባዋን እየጠረገች። «ይልቅ ነይ፣ ለማታ ድርብርብ እንሥራ።»

ድርብርብ! ከታች ድንች፣ ከላይ ሥጋ። ደግሞ ድንች፣ ደግሞ ሥጋ። በእነ ሩቂያ ቤት እሱን የማይወድ የለም።

እማዬ ሽንኩርት ከተፈች። «ከች! ከች! ከች!» ዘይቱ ሲግል ሽንኩርቱ ገባ። «ቸስስስ!» ከዚያ የተፈጨው ሥጋ ገባ፤ ቲማቲሙም ገባ።

እማዬ ጨው ቆንጠር አድርጋ፣ ጣል! ከዚያ የተቀቀለውን ድንች ልታመጣ ወጣች። ሩቂያ በረጅሙ ማማሰያ ማማሰል ቀጠለች።

ሙባረክ ብቅ አለ። «ሩቂያ ወጥ ሠሪ ሆነች? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም!» ብሎ ሳቀባት። «ይሄ ጨው አለው?»

«አዎ፣ እማዬ…» ብላ ሳትጨርስ፣ ቆንጠር አድርጎ፣ ጣል!

አባባ ሰዒድ ብቅ አሉ። «እንዴት ያለ ሽታ ነው! ጨው ግን አለው?»

«አዎ አባባ፣ እማዬ…» ብላ ሳትጨርስ፣ ቆንጠር አድርገው፣ ጣል!

እማዬ ተመለሰች። «ጨው አድርጌበት ነበር እንዴ? ጾም ሲሆን እኮ ይረሳኛል።» ቆንጠር አድርጋ፣ ጣል!

«እማዬ!» ብላ ጮኸች ሩቂያ። «አንቺም ጣል! ሙባረክም ጣል! አባባም ጣል! አንቺ ደግሞ እንደገና ጣል!»

«ውይ!» እማዬ አፏን በእጇ ያዘች። «ያለን ሥጋ ይሄ ብቻ ነው። እራታችን ተበላሸ ማለት ነው? ማን ይቅመስልን?»

«እኔ ጾመኛ ነኝ» አለ ሙባረክ።

«እኔም ጾመኛ ነኝ» አሉ አባባ።

«እኔም ጾመኛ ነኝ» አለች እማዬ።

ሦስቱም ቀስ ብለው ዞሩና ሩቂያን አዩአት።

«እኔ አልጾምኩም!» አለች ሩቂያ። ጠዋት ያስለቀሳት ነገር አሁን አኮራት።

እማዬ በማንኪያ ሰጠቻት። ሩቂያ «እፍ! እፍ! እፍ!» ብላ አቀዘቀዘችውና ቀመሰች። አፍንጫዋ ተሸበሸበ፤ ዓይኗ ተጨፈነ።

«እእእ! ጨው ብቻ!»

እማዬ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ፀሐይዋ ዝቅ እያለች ነው።

ሩቂያ ድንቹን አየችው። «ድንቹስ ጨው አለው?»

«የለውም» አለች እማዬ።

«ታዲያ ድንቹን እናብዛዋ!»

ያን ጊዜ ሁሉም ተነሱ። ሙባረክ ሌላ ድንች ቀቀለ፤ አባባ ላጡ፤ እማዬ በስሱ በስሱ ቆረጠች። ሩቂያ ትሪው ላይ ደረደረች።

ድንች! ድንች! ሥጋ! ድንች! ድንች! ሥጋ! ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ድንች!

ሩቂያ ድንችና ሥጋውን አንድ ላይ ቀመሰች። ሁሉም አፍ አፏን እያዩ ጠበቁ።

«ልክ ነው!»

ድርብርቡ ኦቨን ውስጥ ገባ። ሽታው ሳሎን ደረሰ፣ ደጅም ወጣ። ከዚያ ከመስጊዱ የአዛን ድምፅ ተሰማ። ፀሐይ ጠልቃለች!

«ቢስሚላህ!» አሉ ሁሉም። መጀመሪያ ቴምር፣ ቀጥሎ ውኃ፣ ከዚያ ድርብርብ!

አባባ የመጀመሪያውን ጉርሻ አንስተው ሩቂያን አጎረሷት። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ያለው ማን ነበር?»

ሙባረክ አፉ ሙሉ ነው። በግራ እጁ ወደ ራሱ ጠቆመ፤ ሁሉም ሳቁ።

«ስሚኝ፣ ሩቂያዬ» አሉ አባባ። «ጾመኛን ያስፈጠረ፣ ጾሙን ያስፈታ፣ እንደ ጾመኛው ነው። አንቺም ዛሬ ከእኛ ጋር ነሽ።»

ሩቂያ ደስ አላት፤ በጣም ደስ አላት።

መኝታ ሰዓት ደረሰ። እማዬ አስተኛቻት። «አንሶላ ከታች! ሩቂያ መሐል! ብርድ ልብስ ከላይ!»

«ድርብርብ ሆንኩ!» ብላ ሳቀች ሩቂያ። «እማዬ፣ ጨው አለኝ?»

«ቆይ፣ አሁን መሽቷል፤ እኔም መቅመስ እችላለሁ» አለች እማዬ። ጎንበስ ብላም ጉንጯን ሳመቻት።

«እንዴት ነኝ?» አለች ሩቂያ፣ ዓይኗ እየተከደነ።

«ልክ ነሽ፣ ልጄ። ልክ ነሽ።»