መምህር ተስፋጽዮን የዋጡት ክኒን

መምህር ተስፋጽዮን ሴቻ ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ የሚሳበውን የአስም መድኃኒታቸውን እንደጨበጡ ታፍነው ሞቱ። ከሰሜን የመጡት ዘመዶቻቸው ቀብሩ እንኳ ሳያልቅ «መርዛ ገደለችው» ብለው በሚስታቸው በበለጥሽ ላይ ተነሱ። የደቡብ ሰው፣ የጨንቻ ልጅ መሆኗ ለእነሱ በቂ ማስረጃ ነበር። መርማሪዋን መቶ አለቃ ወርቂቱን ይህ አንገሸገሻት። አለቃዋ «እሰሪያትና ፋይሉን ዝጊ» ሲላት፣ «ዘመድ ስለጮኸ ሰው አላስርም!» ብላው ወጣች።

በለጥሽ ቀና ብላ ጠበቀቻት። «የጫሞ ዓሣ ነው ያበላሁት፤ እኔም አብሬው በልቻለሁ። ሲታፈን መድኃኒቱን ደጋግሞ ሳበው፣ እንቢ አለው።»

«ከዚያ በፊት የዋጡት ነገር አለ?»

«ልቤ ይመታል ሲል ወንድሙ አስናቀ ክኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው። የተረፈው ኮቱ ኪስ ውስጥ አለ።»

«ወንድማማቾቹ ይስማሙ ነበር?»

«አስናቀ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ሸጦ ላንቴ ቀበሌ አንድ ልጅ ሞቷል። ባሌ ፍርድ ቤት እመሰክራለሁ ብሎት ነበር።»

አስናቀ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ተቀበላት። «ቫይታሚን ነው የሰጠሁት» አለ፣ ገና ሳትጠይቀው። «ይልቅ የሚሳበውን መድኃኒት ምን እንዳደረገችው ሚስቱን ጠይቂያት!»

ወርቂቱ የሚሳበውን መድኃኒትም ከኮቱ ኪስ የተገኘውንም ክኒን ለሆስፒታሉ ሐኪም ለዶክተር ፈይሩዝ አሳየች። በማግስቱ ሁሉንም ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዘመዶቹ ፍራሹን ይዘው በለጥሽን በሩ አጠገብ፣ ባዶ መሬት ላይ አስቀምጠዋት ነበር።

«የሚሳበው መድኃኒት ደህና ነው» አለች ወርቂቱ። «የሳንባን ቧንቧ ጡንቻ አንድ ነርቭ ‹ጨብጥ› ይለዋል። መድኃኒቱ ደግሞ ጡንቻው ላይ መቀበያ አለው፤ እዚያ ሲደርስ ‹ልቀቅ› ይለዋል። መቀበያውን ሌላ ነገር ቀድሞ ከያዘው ግን ነርቩ ያለ ከልካይ ያንቃል። ፕሮፕራኖሎል የሚባል ክኒን እንዲህ ያደርጋል። ልቡ ለሚመታ ሰው ይሰጣል፤ አስም ላለበት ግን ክልክል ነው። መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ይህን ያውቃል።»

«ቫይታሚን ነው አልኩ እኮ!» ጮኸ አስናቀ።

«እንግዲያው ጥሩ።» በወረቀት የተጠቀለለ ክኒን አወጣችና ወደ እህቱ ወደ ወለቴ ዞረች። ወለቴም እንደ ሟች ወንድሟ አስም አለባት፤ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። «እትዬ ወለቴ፣ ለቅሶው አድክሞዎታል። ይህ አስናቀ ለወንድምዎ የሰጠው ቫይታሚን ነው፤ አንድ ይዋጡ።»

ወለቴ ክኒኑን ወደ አፏ ስታስጠጋ አስናቀ ዘሎ እጇን መታው። «እንዳትውጪው!»

ወርቂቱ የወደቀውን ክኒን አነሣች።

«የአስናቀን ክኒን ዶክተሯ ለይታዋለች፤ ፕሮፕራኖሎል ነው» አለች ወርቂቱ። «ይህ ግን የእውነት ቫይታሚን ነው፤ ዛሬ ጠዋት ከራሱ መድኃኒት ቤት አስገዛሁት።»

ወለቴ ወንድሟን አየችው፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች። ፖሊሶች አስናቀን ይዘውት ሲወጡ በለጥሽ ተነሥታ ዘመዶቹ ወደ ተቀመጡበት ሄደች።

«ባሌ ነው» አለች። «ተነሡ፣ ፍራሹ ላይ ልቀመጥ።»

ተነሡላት።