ፈተናው ተራዝሟል

መብራቱ ጠፋ አይደል? ይጥፋ። ጠጋ ጠጋ በሉ። ነገ ፈተና አለብን ብላችሁ የተኮራመታችሁ ፍሬሾች ሁሉ፣ ደብተራችሁን ዝጉና ስሙኝ። እስካሁን ያልገባችሁ ነገር ዛሬ ማታ አይገባችሁም።

ነገሩ የቆየ ነው። ተራራ ላይ የተሠራ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፤ እዚያ የሚማር ዘመድ ያላችሁ እንቅልፍ ታጣላችሁ። በዚያ ግቢ አንዳርጌ የሚባል ልጅ ይማር ነበር። ጎበዝ ነበር? አልነበረም። ሰነፍስ? እሱንም አልነበረም። ወሬ የሚያምን ልጅ ነበር፤ ችግሩ ይኸው ነው። አንድ ጊዜ "ፈተናው ተራዝሟል ተባለ" ሲሉት አምኖ ተኛ። ማን አለ? ብሎ አልጠየቀም። ሲነቃ ጓደኞቹ ተፈትነው ወጥተዋል። ኤፍ! ተባረረ። ለምኖ፣ አልቅሶ ተመለሰ። አንድ ፈተና ደግሞ ካመለጠው ግን ያን ጊዜ ምሕረት የለም ብለውታል። እህቱ ዝማም እሱን ለማስተማር ብላ የራሷን ትምህርት ያቋረጠች ናት። ጭንቀቱ ገባችሁ?

እና የማጠቃለያ ፈተና ሊጀመር ሲል ሬዲዮ ምን አለ? ታይቶ የማይታወቅ በረዶ ይጥላል አለ። ግቢው ታመሰ። ፈተናው ወደሚቀጥለው ሳምንት ተገፋ። ተማሪው እልል አለ፤ አንዳርጌም ከተራራው ማዶ ወዳለው የእህቱ ቤት ሄደ። ገና እግሩን ታጥቦ ሳይቀመጥ ሌላ ማስታወቂያ ወጣ። በረዶው ሳይቀድመን እንቅደመው፣ ፈተናው ነገ ጎህ ሲቀድ ነው! የዶርም ጓደኛው ሰው ልኮ አስነገረው።

"በዚህ ጨለማ እንዴት ትሄዳለህ? ጎረቤት ልቀስቅስና ይሸኝህ" አለችው ዝማም።

"ተይው እትዬ፣ እነሱ እስኪለባብሱ ይነጋብኛል።"

ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። ብቻውን። ልብ በሉ፣ ብቻውን።

መንገዱ በአንድ በኩል ገደል፣ በአንድ በኩል ባሕር ዛፍ ነው። ይሄዳል፣ ይሄዳል። አንድ ነገር ጠብ አለበት። ደግሞ ጠብ። ከዚያ መዓት ወረደ! ሬዲዮው ነገ ያለው በረዶ ዛሬ መጣ። መቼም ሬዲዮ ነው፣ ምን ይደረጋል? አንዳርጌ አንገቱን ቀብሮ ይሄዳል፣ ይሄዳል። ድንገት ቀና ሲል ከፊቱ አንድ ነጭ ነገር ቆሟል።

ሰው ነው? ድንጋይ ነው? ድንጋይ ነው ብሎ ራሱን አጽናና። ድንጋዩ አሳለ። ድንጋይ ያስላል እንዴ?

"አንተ ልጅ!" አለ ነጩ ነገር። ፊት የለውም፤ ድምፅ ብቻ። "ወዴት ነው?"

"ለ... ለፈተና።"

"ፈተናው ተራዝሟል። ተመለስ!"

ተራዝሟል! ያችው ጉድ የሠራችው ቃል! አንዳርጌ አሁን ተምሯል፤ ጠየቀ።

"ማን አለ?"

"ተባለ ነው የምልህ!"

"በስመ አብ!" አለና በጎኑ አልፎ ወደ ግቢው እግሬ አውጪኝ ብሎ ፈረጠጠ። ነጩ ነገር "ኧረ ተመለስ! ኧረ ልጄ ተመለስ!" እያለ ተከተለው። ይሮጣል፣ ይከተለዋል። ይሮጣል፣ ይከተለዋል። በኋላ ድምፁ ራቀ፣ ጠፋ።

ግቢው ደረሰ። የፈተናው አዳራሽ በሩ ክፍት ነው፤ ሻማ በርቷል፣ ተማሪው ሁሉ አቀርቅሮ ይጽፋል። እፎይ! ተራዝሟል ያለው ያ እርኩስ ዋሽቶኝ ነበር አለ በልቡ። ፈታኙ ረጅም ሰው ነው፣ ፊቱን እስከ ዓይኑ በጋቢ ሸፍኗል።

"አርፍደሃል። ግባ" አለው።

ተቀመጠ። ወረቀቱን ገለጠ። ጥያቄው ቀላል ነው! ሲሸመድደው የከረመው ነው! ደስታው ሊያስጮኸው ደረሰ። ዝማምን በምርቃቱ ቀን ጥቁሩን ካባ ሲያለብሳት ታየው።

ግን አንድ ነገር ከነከነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ውጭ ያ ሁሉ በረዶ ይወርዳል። ድምፁስ? የለም። ሲተነፍስ ከአፉ ጉም ይወጣል። የሌሎቹስ? ከማንም አይወጣም። አጠገቡ ያለችውን ልጅ ሰረቅ አድርጎ አያት። ጸጉሯ ላይ በረዶ አለ። አይቀልጥም።

"እህቴ" አላት በሹክሹክታ፣ "መቼ ነው የመጣችሁት?"

"ቆየን" አለች፣ መጻፏን ሳታቆም። "እኛንም መንገድ ላይ ተራዝሟል ብለውን ነበር። አላመንንም።"

አያችሁ? መንገድ ላይ የቆሙት የግቢው ዘበኛ ጋሽ ደምስ ነበሩ! ደህና ሰው፣ ጉንፋን የያዛቸው፣ ከእግር እስከ ራሳቸው በረዶ የለበሱ። በረዶው ስለቀደመ ፈተናው እንደገና ተራዝሞ፣ ልጆች መንገድ ላይ እንዳያልቁ ሊመልሱ የወጡ። እናንተም ሰይጣን መስለዋችሁ ነበር አይደል? አትዋሹ፣ ስትጠጋጉ ሰምቻችኋለሁ።

አንዳርጌ ብድግ አለ።

"ይቅርታ ጌታዬ፣ መውጣት እፈልጋለሁ።"

ፈታኙ ቀስ ብሎ ዞረ። "ደንቡን አታውቅም? ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማንም አይወጣም።"

እንግዲህ ደንብ ነው። ተማሪ ደግሞ ፈታኝ ይፈራል፣ ከሰይጣን በላይ ይፈራል። ተቀመጠ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ጻፈ። ደግሞ አየ። ወረቀቱ ሞላ፣ እጁ ደነዘዘ፣ ሻማው ግን አላለቀም። ቀና ብሎ አየ። የሰዓቱ ቆጣሪ ንቅንቅ አላለም።

ዝማም ዛሬም ወንድምሽ የት ነው ሲሏት "ፈተና ላይ ነው" ትላለች። አንጀቴን ትበላኛለች። ሰዉ አበደች ይላል፤ እሷ ግን እውነቷን ነው።

ስለዚህ በረዶ ይጥላል በተባለ ሌሊት ብቻችሁን አትውጡ። ሽማግሌ ተመለሱ ካሏችሁ ተመለሱ። ምክንያቱም ያ ፈታኝ በየዓመቱ፣ ፈተና ሲደርስ፣ አዳራሹ ውስጥ አንድ ወንበር ይጨምራል። ዘንድሮም ጨምሯል። አቧራውን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ፣ ወረቀቱን አስቀምጦ እየጠበቀ ነው። ማንን ይመስላችኋል?

ማንን?

አንተን!