የግራው ጎማ

የሰርግ መኪና ነጂው ዋበሪ ሙሽራ ሊያመጣ የካራማራን ተራራ ሲወጣ፣ ከነአሮጌ ዊሊስ ጂፑ ገደል ገብቶ ሞተ። መኪናው ገደል ሳይገባ በፊት የፊት ቀኝ ጎማው ወልቋል።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ኬሪያ ስትደርስ መካኒኩ ዘነበ በካቴና ታስሮ ነበር፤ ጧት ጂፑን የፈተሸው እሱ ነዋ!

«ኢንስፔክተር፣ የሁሉንም ጎማ ዳዶ በእጄ አጥብቄያለሁ። ልጆቼን ይንሳኝ!» አለ። በነፍስ ማጥፋት ሊከሰስ ነው።

ኬሪያ አጎንብሳ ጂፑን አየች። የቀኙ ጎማ ብሎኖች አልተሰበሩም፤ ብሎኖቹን የሚያጠብቁት ዳዶዎች ግን ተፈትተዋል። የፊት ግራው ጎማ ዳዶዎች ደግሞ አልተፈቱም፤ ጠርዛቸው ግን አዲስ ተፍቆ ያብለጨልጫል። ግራ ገባት።

ጂፑ ከመነሳቱ በፊት፣ በምሳ ሰዓት፣ ሰርጉ ቤት ጓሮ ቆሞ ነበር። ወደ ጓሮ የወጡት ዘነበ፣ የሟች ሚስት ፈትያና በላንድሮቨሩ ከሟች ጋር ለሰርግ ሥራ የሚፎካከረው ጁነይድ ብቻ ናቸው። ፈትያ ጎማ ስትቀይር አገር ያውቃታል። ጁነይድ ደግሞ የጂፑንና የላንድሮቨሩን መመሪያ መጽሐፍ በቃሉ ይዞ፣ ሻይ ቤት ሲያነጻጽር የሚውል ነጋዴ ነው።

«እህቴ፣ አላህ ይዘንለትና ጂፑ ስልሳ ፈረስ ጉልበት ነው፤ የኔው ሰባ ሰባት!» አላት።

«ታዲያ ካራማራን ማን ቀድሞ ይወጣ ነበር?»

«ጂፑ። ይቀላላ!»

«ሙሽሮችስ?»

«እነሱማ ያንን ጣሪያ የለሽ ይመርጣሉ። ወላሂ፣ የኔን አንድ ቀን የጠየቀ የለም!» አንጀቱ ሲያር ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

«ጂፑን በደንብ ታውቀዋለህ?»

«ከባለቤቱ በላይ!»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል አለች ኬሪያ በሆዷ።

በማግስቱ ጂፑ ተጎትቶ ጋራዥ ሲገባ ሦስቱንም ጠራች። «ከግራው ጎማ አንድ አንድ ዳዶ ፍቱልኝ» አለች።

ዘነበ በታሰረ እጁ መፍቻውን ወደ ቀኝ ገፋው፤ ዳዶው ተንቋቅቶ ላላ። ፈትያም ወደ ቀኝ ገፋች። ጁነይድ ግን ወደ ግራ ታገለ። ላብ አጠመቀው፤ ዳዶው ወይ ፍንክች!

«ይበቃል» አለች ኬሪያ። «የላንድሮቨር ጎማ ሁሉ ወደ ግራ ይፈታል። የዚህ ጂፕ የግራ ጎማዎች ግን የብሎናቸው ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ቀኝ ነው የሚፈቱት። ገዳዩ በግራው ጀመረ። ሊያላላ ሲታገል ይብስ አጠበቀው፣ ጠርዙንም ፋቀው። ሲያቅተው ወደ ቀኙ ዞረ። ዘነበና ፈትያ ይህን ስለሚያውቁ በግራው ባልታገሉ ነበር። የተሳሳተው ጂፑን በወረቀት ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው።»

«መጽሐፉ ላይ ይህ የለም!» ብሎ አመለጠው ጁነይድ። ከዚያ ወዲያ መካድ አልሆነለትም። «ሃያ ዓመት ሙሉ ጀርባውን ሳይ ኖርኩ! ቀናሁ፤ አዎ፣ ቀናሁበት!»

ፈትያ እንባዋን ጠረገች። «እሱም በኋላ ማያ መስታወቱ አንተን ሲያይ ነው የኖረው። "ጁነይድ አንድ ቀን ቀድሞ ያዋርደኛል" እያለ ይባንን ነበር። በቀደም ደግሞ ጂፑን ሸጦ እንደ አንተ ያለ ላንድሮቨር ሊገዛ ቆርጦ ነበር።»

ኬሪያ ካቴናውን ከዘነበ እጅ ፈታች፤ ጁነይድ ሳይጠየቅ የራሱን እጆች ዘረጋላት።