ከዘጋሁት መስመር «አለሁ» ያለኝ ድምፅ

እኔ ሙታን ተናገሩ በሚባል ወሬ አምኜ አላውቅም፤ እናቴ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ ስቄ የምወጣ ሰው ነበርኩ፣ አሁንም አምናለሁ አልላችሁም፣ የሰማሁትን ግን ሰምቻለሁ።

ቶሮንቶ ውስጥ የአንድ ትንሽ ድርጅት ሰርቨር እጠብቅ ነበር። ሥራችን አንዱን ትልቅ ማሽን በሶፍትዌር ከፋፍለን፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ኮምፒውተር ያለው አስመስለን ማከራየት ነው። ታዲያ የማድለው ሚሞሪ፣ ማለትም ማሽኑ የሚሠራበት ቦታ፣ ካለኝ በላይ ነው፤ ደንበኛ «አለ?» ሲለኝ «ሞልቶ!» እላለሁ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይፈልገውም ብዬ። እመኑኝ፣ ልኩን እስካወቁ ድረስ የተለመደ አሠራር ነው፣ እኔ ግን ልኩን ካለፍኩ ቆይቼ ነበር።

ከዚያው ማሽን ቆንጥሬ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ላሉ የእኛ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ደውለው የሚጫወቱበት የስልክ መስመር በነጻ ከፍቼላቸዋለሁ። አንድ ሰው መጀመሪያ ሲደውል ስሙን ይቀዳል፣ ከዚያ በገባ ቁጥር ማሽኑ ያንኑ ያሰማል። እግራቸውን ስለሚያማቸው ከቤት የማይወጡ ጋሽ መኩሪያ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ማሽኑ በእንግሊዝኛ ስም ሲጠይቃቸው ደህንነታቸው የተጠየቀ መስሏቸው «አለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ቀዱ። በገቡ ቁጥር በሳቅ እንሞታለን። ላስተካክልልዎ ስላቸው «ተወው ልጄ፣ ከስሜ ይሻላል» አሉኝ።

የገና ገበያ ሰሞን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቢሮ ብቻዬን ሆኜ፣ ደንበኞቼ ሁሉ ባንዴ ሚሞሪ ፈለጉ። ከማን ልቀማ ብዬ ሳይ፣ የስልኩ መስመር ላይ ያሉት ጋሽ መኩሪያ ብቻ ናቸው፣ ድምፅ የለም። እሳቸው ሁሌም ከሰው ቀድመው ገብተው ይጠብቃሉ፤ እንቅልፍ ወስዷቸው ይሆናል አልኩና መስመሩን ዘጋሁት። ሌሎቹ ወዲያው ተስተካከሉ።

ያኔ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው፣ መስመሩን የማዳምጥበት ስፒከር «አለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ።

ስክሪኑን አየሁ፣ መስመሩ ዝግ ነው። የተረፈ ድምፅ ይሆናል ብዬ የስፒከሩን ገመድ ነቀልኩት። ገመዱ እጄ ላይ እያለ ደገመው፣ ከተቀዳው በደከመ ድምፅ። እንደ ሞኝ «ጋሽ መኩሪያ፣ አሉ?» አልኩ።

«አለሁ» አለኝ። ምስጋናው የለበትም።

መስመሩን መልሼ ከፈትኩት፣ ማንም የለም። ቤታቸው ደወልኩ፣ አይነሳም። ጎረቤታቸውን እትዬ አስቴርን እባክዎ ይዩልኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ በር አስከፍተው ገብተው መልሰው ደወሉልኝ።

«አርፈዋል ልጄ» አሉ እያለቀሱ። «ስልኩ ጆሯቸው ላይ ነው። ከማን ጋር እያወሩ ነበር?»

ከመዝጋቴ በፊት ይረፉ በኋላ፣ ሐኪሙም አላወቀም። ሊጣሩ ሲሉ ዘግቼባቸው እንደሆነስ? ይህን እያሰብኩ ስንቴ አልቅሻለሁ።

ከዚያ ወዲህ የሌለኝን አለኝ ብዬ ለማንም ሸጬ አላውቅም፣ ለሳቸው ግን ምን ይጠቅማቸዋል። ዛሬም ሰው ደውሎ «አለህ?» ሲለኝ ቶሎ አልመልስም፤ ቀድሞኝ የሚመልስ እንዳለ ትንሽ አዳምጣለሁ።